እማማ ዲና የፈረመችበት ቁራጭ

እናቴ ምድጃ ከመለኮሷ በፊት ወረቀት ታነባለች። ከቅርጫቱ አንድ ታነሳለች፤ የስኳር መጠቅለያም ይሁን ያረጀ ጋዜጣ ወይም የቤተ ጸሎት ማስታወቂያ፣ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ታቃናዋለች። ፊቱን ታነባለች፤ ትገለብጣለች፤ ጀርባውን ታነባለች። ከዚያ በኋላ ነው ጠምዝዛ ከእንጨቱ ስር የምትወትፈው። ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ጠዋት እንኳ አትቸኩልም። ወንድሟ፣ አጎቴ አሞስ፣ እጁን እያፋተገ፣ «ታማር፣ አንብበሽ ስትጨርሺ በዓለም ላይ ምን አዲስ ነገር እንዳለ ንገሪንና እንሙቅ» ይላታል። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ማንበቧን ግን አትተውም።

ይህን ልማድ ያስጀመርኳት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሆነ።

ሚስተር ሄስኬት ወደ ሸለቋችን የመጣው ክፍለ ዘመኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በበጎች መሸለቻ ሰሞን ነው። እኔ ያኔ ገና ዘጠኝ ዓመት መሙላቴ ነበር። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲሄድ እንኳ ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የሆነ ነገር የሚያዳምጥ የሚመስል ሰው ነበር። ሁለት ከባድ ሣጥን ይዞ መጣ። አጎቴ አሞስ አንደኛውን በጀርባው ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ፣ «ምን ጭነው ነው ጌታው፣ የሚስትዎን ሬሳ ነው?» አለው።

«ሚስት የለኝም። ወረቀት ነው።»

«ባዶ ወይስ የተጻፈበት?»

«ግማሹ የተጻፈበት።»

«እንግዲያው ያጎበጠኝ የተጻፈበቱ ነው» አለ አጎቴ።

እናቴ ያከራየችው ፎቅ ላይ ያለውን የአባቴን ክፍል ነበር። አባቴ አራት ዓመት ሳይሞላኝ የእርሳስ ማዕድን ጉድጓድ ተደርምሶበት እዚያው ቀርቷል። ከእሱ የተረፈ ነገር ቢኖር በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለች የቆርቆሮ ሣጥን ናት፤ ጉድጓድ ሲወርድ ሻማ የሚይዝባት፣ በዚያን ዕለት ግን ረስቷት ወጥቶ ነበር። እናቴ አቧራዋን ትጠርግላታለች እንጂ ከፍታት አታውቅም። ማንም አይነካትም ነበር።

የሚስተር ሄስኬት ሥራ ቃል መሰብሰብ ነው። ደቡብ ያሉ ምሁራን አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ነበር፤ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ይዘው፣ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ወደ ኋላ እየቆጠሩ የዘር ሐረጉን የሚያወጡበት። ለእሱ የደረሰው ከሺ ዓመት በፊት በመርከብ የመጡት የሰሜን ሰዎች ወደ ሸለቋችን ይዘውት ገብተው ያስቀሩት ቃል ነበር። ወንዙን የምንጠራበት ቃል የእነሱ ነው፤ ተራራውን የምንጠራበትም የእነሱ። እኛ ይህን አናውቅም ነበር። የራሳችን ይመስለን ነበር።

ሥራው ሕግ ነበረው። የተሰማ ቃል ሁሉ መዳፍ በምታክል ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ቃሉ ከላይ፣ ከስሩ ማን እንደተናገረው፣ የት፣ መቼ። መጨረሻ ላይ የተናገረው ሰው ይፈርማል፤ መጻፍ ካልቻለ ጣቱን ያሳርፋል። ቁራጩ የሚጻፈው እዚያው፣ ተናጋሪው አጠገብ ነው። ቤት ገብቶ ከትዝታ መጻፍ ነውር ነው። «ቁራጭ የሌለው ቃል ወሬ ነው፣ ላንቲ» ይለኝ ነበር። ስሜን አሳጥሮ የሚጠራኝ ከእናቴ ቀጥሎ እሱ ብቻ ነበር። ቁራጮቹ ርግብ ቤት በመሰለ መደርደሪያ ውስጥ በየጉድጓዳቸው ይተኛሉ። የተበላሹትንና የተሰረዙትን ጠዋት ጠዋት ይዞ ወርዶ ምድጃው አጠገብ ካለው ቅርጫት ይጨምራቸዋል። እናቴም እሳቷን በእነሱ ትለኩሳለች።

ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው አንድ ቃል ነበረው። ተራ ቃል፤ መስኮት። በእኛ አፍ ዊንዶው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንዙን ሽቅብ ይዞኝ ወጣ።

«አሁን እዚህ ነን» አለኝ ድልድዩ ስር ቆሞ። «ዊንዶው። አንተና እናትህ የምትሉት።» የጎበጠው ዛፍ ዘንድ ስንደርስ በዱላው መሬቱን መታ መታ አደረገ። «እዚህ ደግሞ የዛሬ ስድስት መቶ፣ ሰባት መቶ ዓመት ነው። መነኮሳቱ ሲጽፉት ዊንዶግ ይላል። ና እንውጣ።» ውሃው እየጠበበ፣ ድንጋዩ እየተለቀ ሄደ። «እዚህ መርከበኞቹ ናቸው። ቪንዳውጋ። ቪንድ ማለት ነፋስ ነው፤ አውጋ ዓይን።»

«የነፋስ ዓይን?»

«መስታወት አልነበራቸውማ። ግድግዳ ላይ ያለ ቀዳዳ ነው። ሰው ወደ ውጭ ሳያይበት በፊት ነፋስ ወደ ውስጥ ያይበታል። ከእነሱ በፊት እዚህ የነበሩት አባቶቻችን የዓይን በር ይሉት ነበር፤ ያኛው ቃል ሞተ። የእንግዶቹ ቃል ቀረ።»

ከዚያም በላይ ወጣን። የሮማ ሰዎች ነፋስን ቬንቱስ ይሉት ነበር አለኝ፤ የጥንት ሕንዶች ቫታ። ወንድማማች ቃላት ናቸው። የወለደቻቸውን ቋንቋ ግን ማንም ጽፏት አያውቅም። ይህን ሲነግረኝ ወንዙ ከቋጥኝ ስር ፈልቆ ከሚወጣበት ቦታ ደርሰን ነበር።

«ከዚህ በላይስ?» አልኩት።

«ከዚህ በላይ ውሃው ከመሬት በታች ነው። ይሰማሃል እንጂ አይታይህም።»

በሆዴ ተኝቼ ጆሮዬን ድንጋዩ ላይ ለጠፍኩ። እውነቱን ነው፤ ከሩቅ ከጨለማ ውስጥ ይጉረመረማል። ቀና ስል ሚስተር ሄስኬትም ባርኔጣውን አውልቆ ከጎኔ ተኝቶ ጆሮውን ለጥፏል። አባት ማለት ይህ ነው ብዬ አሰብኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ችግሩ መካከሉ ላይ ነው አለኝ ስንመለስ። መነኮሳቱ የጻፉት ቃል ዛሬም በሕይወት ባለ ሰው አፍ ላይ ሊኖር ይችላል ብሎ ያምናል፤ ደቡብ ያሉት አዘጋጅ ግን አያምኑም። «አንድ አፍ፣ ላንቲ። አንድ አፍ ባገኝ።»

አፉ የእማማ ዲና ሆኖ ተገኘ።

እማማ ዲና ዘጠና አንድ ዓመቷ ነበር። ከሸለቆው ራስ ላይ፣ ግማሹ ከፈረሰ የድርቆሽ ቤት አጠገብ ብቻዋን ትኖራለች። ከሸለቆው ወጥታ አታውቅም። የሸክላ ፒፓ ታጨሳለች፤ ስትቆጣ ፒፓዋን እንደ ጣት ትቀስራለች። ሚስተር ሄስኬትን ገና ከሩቅ ስታየው ጀመረች።

«አንተ የወረቀት ሰው፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትሰርቀኝ መጣህ?»

«አንድ ቃል ብቻ፣ እማማ።»

«ወስደህ ምን ታደርገዋለህ? ይበላል? ይለበሳል? ወይ አግባኝና ሁሉንም በአንዴ ውሰድ።»

«ባገባሽ የስድብ ቃል እንጂ ይሄን አትነግሪኝም» አላት። ሳቅ ሳል ሆነባትና ጀርባዋን መታሁላት።

ሌላም ሕግ ነበር፤ ጠያቂው ቃሉን ቀድሞ አይጠራም። ከጠራው አሮጊቷ የራሷን ትታ የእሱን ልትመልስለት ትችላለች። ስለዚህ መንገድ ላይ፣ «አንተ ጠይቃት። ጠቁም እንጂ ስሙን አትጥራ» ብሎኝ ነበር። ወደ ድርቆሽ ቤቱ ዞርኩ። ከጣራው ጫፍ በታች፣ ድንጋዩ ውስጥ፣ መዝጊያም መስታወትም የሌለው ቀዳዳ አለ።

«እማማ ዲና፣ እሱ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«እዚያ ላይ ያለው።»

«ዕውር ነህ? ዊንዶግ ነዋ» አለች።

የሚስተር ሄስኬት እርሳስ አየር ላይ ቆመ። እኔ ወደ ቤቷ ጠቆምኩ፤ አራት መስታወት ወዳላት ትንሽ መስኮት። «ይሄኛውስ?»

«እሱማ ዊንዶው ነው። መስታወት አለው አይደል? የናትህ ልጅ አንድ ነገር አያውቅም እንዴ?»

ሚስተር ሄስኬት ጉልበቱ ላይ ቁራጩን አድርጎ ጻፈ። ሲጨርስ ሰጣት። አውራ ጣቷን ፒፓዋ ውስጥ ከትታ ጥላሸት ቀባችና ከወረቀቱ ግርጌ ረገጥ አድርጋ አሳረፈችው። ያረፈበትን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ስሜም መጽሐፉ ውስጥ ይገባል?»

«ይገባል፣ እማማ።»

«የንጉሥ ስም ካለበት መጽሐፍ?»

«ከንጉሥም ጋር፣ ከጳጳስም ጋር።»

«እንዲያ ከሆነ በደንብ ልጫነው» ብላ አውራ ጣቷን እዚያው ላይ ደግማ ጫነችው። ለዚህ ነው አሻራው ድርብ የሆነው።

በየካቲት፣ በረዶው መንገድ በዘጋበት ሳምንት፣ እማማ ዲና ሞተች። ቃሏን ከእሷ በኋላ በሕይወት ያለ ማንም አይጠራውም ነበር። ሚስተር ሄስኬት ግን ለአዘጋጁ ቀደም ብሎ ጽፎ ነበር፤ አፉን አግኝቻለሁ፣ ቁራጩ በእጄ ነው፣ ከቀሩት ጋር አስሬ እልካለሁ ብሎ።

አሁን የማፍርበት ጋ ደረስኩ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፎቅ ላይ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ ነበር። የወለሉ ሳንቃ ክፍተት አለው፤ በእሱ በኩል ወጥ ቤቱ ይታያል። እናቴና ሚስተር ሄስኬት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠዋል። የሚታየኝ አናታቸውና ትከሻቸው ብቻ ነው።

«ታማር» አላት። ደነገጥኩ። ወትሮ ወይዘሮ ታማር ነበር የሚላት፤ አንቱ ነበር የሚላት። የተጣሉ መሰለኝ። «የመጨረሻው ቃል ይሄ ነው። ሰኞ አስሬ እልከዋለሁ። ሥራው አለቀ ማለት ነው። ከፋሲካ በኋላ ወደ ደቡብ መሄድ ነው።»

«ልጁስ?» አለች እናቴ።

«አሁን አትንገሪው። ነገሩ ቁርጥ እስኪሆን ድረስ ልቡን አናንጠልጥለው።»

እናቴ ሽርጧን ወደ ፊቷ አነሳች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እሱ ዳቦው ላይ የነበረ እጁን አንስቶ ወደ እሷ ሰደደ፤ ወዴት እንዳረፈ ግን የሳንቃው ጠርዝ ጋረደኝ።

በደስታ የሚያለቅስ ሰውና በሐዘን የሚያለቅስ ሰው ከአናቱ ሲታይ አንድ ነው። ይህን ለማወቅ ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ። እኔ ያየሁት ጥሎን የሚሄድ ሰውና የምታለቅስ እናቴን ነው። እስካሁን ያቆየው ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ነው። ያ ቃል ካለቀ ይሄዳል፤ ካላለቀ አይሄድም። ቁራጭ የሌለው ቃል ደግሞ ወሬ ነው፤ ራሱ ነው ያስተማረኝ።

እሑድ፣ ሁለቱም ታች ሳሉ፣ ወደ መደርደሪያው የመጨረሻ ጉድጓድ እጄን ሰደድኩ። ጥላሸቱን ላለማበላሸት የእማማ ዲናን ቁራጭ ጠርዙን ብቻ ይዤ አወጣሁት። ማንም የማይነካው አንድ ቦታ ነበር ቤታችን ውስጥ። የአባቴን የቆርቆሮ ሣጥን ከፈትኩ፤ ሁለት ቁራጭ ሻማ ነበረባት። በመካከላቸው አጋደምኩትና ዘጋሁ። አባቴ እየረዳኝ መሰለኝ። እውነቴን ነው፤ እንዲያ መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት ሚስተር ሄስኬት ደረጃውን ባዶ እጁን ወረደ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ቀስ ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ እናቴ ወጣች፣ ከዚያ ሁለቱም መደርደሪያውን ጉድጓድ በጉድጓድ አራገፉ። ፍራሹ ተነሳ። የመጻሕፍቱ ገጽ ሁሉ ተገለጠ። እኔም አብሬ ፈለግሁ። አልጋው ስር ገብቼ ሁሉ ፈለግሁ፤ እንዴት አድርጌ እንደፈለግሁ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

እኩለ ቀን ሲሆን እናቴ ምድጃው አጠገብ ቆመች። ቅርጫቱን አየችው።

«ቅዳሜ ጠዋት» አለች ድምፅዋ ወርዶ፣ «ደረጃው ላይ አንድ ቁራጭ ወድቆ አገኘሁ። ከሚጣሉት መካከል ከእጅዎ ያመለጠ መስሎኝ ከቅርጫቱ ጨመርኩት።» ሌላ ሰው ፊት ስትሆን አሁንም አንቱ ነበር የምትለው፤ ሌላው ሰው እኔ ነበርኩ።

«ምን ይል ነበር?»

«አላነበብኩትም።»

«ጥላሸት ነበረበት?»

«የኔ እጅ መቼ ጥላሸት አጥቶ ያውቃል?» አለችና እጇን ዘረጋችለት። ሁለቱም ወደ ጣቶቿ አዩ።

«ያ ሌላ ወረቀት ነው» አለ። «እኔ ነኝ የጣልኩት። ሌላ ነው።»

«አይደለም። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።»

ይህን ስትል ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አሁን የምጽፈውን ለማመን የሚቸግረው አይጠፋም፤ ግን ልጅ የሚያስበውን ልጅ ብቻ ነው የሚያስበው። እኔን ያየችኝ አውቃ መሰለኝ። ቁራጩን እንደደበቅሁ ደርሳበት፣ እንዳይሄድብን ብላ፣ ለእኔ ስትል ጥፋቱን በራሷ ላይ የወሰደችው መሰለኝ። ሁለታችን ያሴርን መሰለኝ። ምስጢር ጠባቂ ሆንኩ። ኮራሁ እንኳ።

አሁን ሳስበው እናቴ ያየችኝ የምትሸሸግበት ስላጣች ነው። ክፍሉ ውስጥ የቀረው ሌላ ፊት የእኔ ስለነበረ ነው።

«እንደገና ይጻፉታ» አለችው። «ሰምተውታል አይደል? ልጁም ሰምቷል። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ፣ ታማር» አለ። «አዲሱ ላይ ዲና ጣቷን አላሳረፈችበትማ።»

ለአዘጋጁ እውነቱን ጻፈ፤ ቁራጩ ጠፍቷል አለ። መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ። አጭር ነበር። በጓሮ በኩል ቆሞ ደጋግሞ አነበበውና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ከዚያ በዝናብ ድልድዩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ከፋሲካ በኋላ ሁለቱን ሣጥኖች አጎቴ አሞስ በጋሪ ጫነለት። በዚያን ቀን ማንም አልቀለደም። ሚስተር ሄስኬት አንድ እስር ባዶ ቁራጭ ሰጠኝ፤ «ጆሮህን ክፍት አድርገው፣ ላንቲ» አለኝ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እጁን ዘረጋላት፤ ጨበጠችው፤ መሬት መሬት እያየች።

እኔ ጠላሁት። ቃሉ ሳያልቅ መሄዱ ገረመኝ፤ አንድ ወረቀት ተቃጠለ ብሎ እናቴን ቀየማት ብዬ ደመደምኩ። ለእናቴ ስል ጋሪው ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ጠላሁት። የሰጠኝን ቁራጭ ወንዝ ጣልኩት።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ምድጃው ፊት ተንበረከከች። ከቅርጫቱ አንድ ወረቀት አነሳች፤ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ማንበብ በደንብ አትችልም ነበር፤ ጣቷን ከየፊደሉ ስር እያስሄደች ነው። እኔ ቁርሴን፣ የአጃ ገንፎዬን፣ እየበላሁ ጠበቅኋት።

እውነቱን የሰማሁት ሃያ ዓመት ሲሆነኝ ነው፤ ያውም ለጨዋታ ተብሎ። በግ እየሸለትን አጎቴ አሞስ ላቡን ጠረገና፣ «አንተ እኮ ይሄኔ የከተማ ልጅ ነበርክ» አለኝ። «ከረባት አስረህ። የበግ ሽታ ሲመጣ አፍንጫህን የምትይዝ።»

«ማን ያደርገኝ ነበር?»

«ያ የወረቀት ሰው ነዋ። እናትህ አልነገረችህም? ሊያገባት ነበር እኮ። ያቺን የመጨረሻ ቃል ሲልክ የመዝገበ ቃላቱ ቤት ቋሚ ሥራ ሊሰጠው ነበር፣ ከሥራው ጋር የመኖሪያ ቤት። ላንተም ክፍል መርጦልህ ነበር፤ መስኮቷ ወደ ወንዝ የምታይ። ሥራው ቀረበት። እሱ እንኳ ባዶ እጄንም ብሆን ነይ ብሏታል። እሷ ናት እምቢ ያለችው።»

«ለምን?»

አጎቴ መቀሱን ከፈት ዘጋ አደረገ። «እዚሁ በረት ውስጥ አጠገቤ ቆማ ምን አለችኝ መሰለህ፤ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው የኖረውን ወረቀት ያነደደች ሴት፣ ወረቀት ከሞላበት ቤት እንዴት ትገባለች አለችኝ። በየቀኑ እጄን እያየ ይኖራል አለች።» ከዚያ በጉን ገለበጠው። «በል ያዘው፣ እግሩን ያዝ።»

የበጉን እግር ያዝኩ። በጉ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ልነግራት አስቤአለሁ። በየጠዋቱ። ስትንበረከክ አፌን እከፍታለሁ፤ ወረቀቱን ስትዘረጋ እዘጋለሁ። መዝገበ ቃላቱም ታትሞ ወጣ፤ ከተማ ወርጄ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አየሁት። ከዊንዶው ስር ያለችው አንዲት አጭር አንቀጽ ናት፤ የሰሜን መርከበኞች ቃል፣ ነፋስና ዓይን፣ ከዚያ ሮማ፣ ከዚያ ሕንድ። ስለ ሸለቋችን የተባለ የለም። የነገሥታት ስም አለ፤ የጳጳሳት ስም አለ። ገጹን በጣቴ ይዤ ከላይ እስከ ታች ፈለግኋት። እማማ ዲና የለችም።

ባለፈው ሐሙስ ከደቡብ ደብዳቤ መጣ፤ ከሚስተር ሄስኬት እህት። ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲያስተምር ኖሮ በሳንባ በሽታ አረፈ ይላል። አላገባም። በሕመሙ መጨረሻ ስለ ሸለቋችን ወንዝ ደጋግሞ ያወራ ስለነበር እንድታውቁ ብዬ ነው ይላል። እናቴ ፊቱን አነበበች፤ ገለበጠች፤ ምንም ያልተጻፈበትን ጀርባውንም አየችው። ከዚያ አጣጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አደረገችውና ድስቱን ልታማስል ሄደች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «እጄ ነው ያጠፋው» አለች። «ያንን ቁራጭ አንድ ጊዜ ብቻ ገልጬ ባየው ኖሮ።»

ዓርብ ጠዋት ከእሷ ቀድሜ ተነሳሁ። የአባቴን ሣጥን ከሚስማሩ አወረድኩ። ቁራጩ ከሁለቱ ሻማዎች መካከል እንዳጋደምኩት ነው፤ ስቡ ጠርዙን አወይቦታል። ጽሕፈቱ አልደበዘዘም። ድርቡ አሻራ ትናንት የተጫነ ይመስላል። በእጇ ልሰጣት፣ ፊት ለፊት ልነግራት ነበር ያሰብኩት። የእግሯን ኮቴ ደረጃው ላይ ስሰማ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ተመልሶ መጣብኝ። ቅርጫቱ ውስጥ፣ ከላይ ሁለተኛው ወረቀት ስር ሰገሰግሁትና ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ።

ተንበረከከች። የመጀመሪያው የሻይ መጠቅለያ ነበር፤ ፊቱን አነበበች፤ ጀርባውን አነበበች፤ ጠምዝዛ እንጨቱ ስር ወተፈችው። ሁለተኛው የከብት ገበያ ማስታወቂያ ነበር፤ አነበበች፤ ገለበጠች፤ ጠመዘዘች። ሦስተኛውን አነሳች።

እጇ ቆመ። ጣቷ ከየፊደሉ ስር አልሄደም፤ አሁን በዓይኗ ብቻ ማንበብ ትችላለች። ቀስ ብላ የራሷን አውራ ጣት በእማማ ዲና አሻራ ላይ አሳረፈች፤ ልክ የሚሆናት እንደሆነ የምትሞክር ይመስል።

«የት ነበር?» አለች፤ ሳትዞር።

«የአባባ ሣጥን ውስጥ።»

«ማን አስገባው?»

«እኔ።»

ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ይቆጥራል። ውጭ አጎቴ አሞስ ውሻውን ይጠራል።

«እንዳይሄድብህ ነው?»

«እንዳይሄድብን።»

«ስንት ዓመትህ ነበር ያኔ?»

«ዘጠኝ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ለእኔ አይደለም፤ ከምድጃው ውስጥ ላለ ለሆነ ሰው ነው። ይቅርታ ልጠይቃት ተነስቼ ነበር። ቃሉ አልመጣልኝም፤ ያ ሁሉ ቃል ተሰብስቦ በነበረበት ቤት ውስጥ አንድም ቃል አልመጣልኝም። ቁራጩን ጥላሸቱን ሳትነካ አጠፈችና ጡቷ ስር ከተተችው። ከዚያ እጇን ወደ ቅርጫቱ ሰደደች፤ አራተኛውን ወረቀት አወጣች። ሳትዘረጋው፣ ሳታየው ጠመዘዘችው።

አምስተኛውንም።

ክብሪቱን ጫረች። በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር እሷም አላወቀችም፣ እኔም አላወቅሁም።